ተስማምታለች አሉ

«እሷም ተስማምታለች አሉ» ብላ እናቷ ለጎረቤታቸው ለፀጉር ሠሪዋ ስትነግራት፣ ልጇ ሽቦ መታጠቢያ ቤት ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። በዚህ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» የሚለው ከአልጋው ሳይነሳ ነው። ቧንቧውን ዘግታ አዳመጠች። «ትልቋ ልጄ ማታ ደውላ ነግራኛለች። ዛሬ ከምሳ በኋላ መኪናዋን ይዛ መጥታ ትወስደኛለች፤ ከእንግዲህ እሷ ጋ ነው የምኖረው። ቤቷ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለው ምን የለው። ሽቦን ጠይቄያት ተስማምታለች፣ እንዲያውም እፎይ ብላለች አለችኝ።» ጎረቤቷ «ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን አለ፣ እማማ! እርስዎም ያርፋሉ፣ እሷም ታርፋለች» አለችና በባዶ ብርጭቆ ልትበደር የመጣችውን ስኳር አስሞልታ ወጣች። ሽቦ አፏ በአረፋ እንደተሞላ መስታወቱ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ማንም የጠየቃት ሰው የለም፤ የተስማማችበትን ነገር የሰማችው ገና አሁን፣ በግድግዳ በኩል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

በዚያች ደቂቃ ብቅ ብላ «እማዬ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም» ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አላለችም። ተጉመጠመጠች፣ ፊቷን አደረቀች፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እናቷ ሻይና ዳቦ አስቀምጣላት፣ ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበ ሳህን ትወለውላለች። ዳቦው ከታች ሱቅ የተገዛ ነው፤ ዋጋው ሲወጣ መጠኑ ሲወርድ ጊዜ እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት አንዱን ለሁለት መካፈል ከጀመሩ ሰንብተዋል። ዛሬ ግን ሙሉው ነው የቀረበላት። «ረፍዶብሻል» አለች እናቷ ሳትዞር። «እሺ።» «ሹራብሽን ያዢ፣ ያ የሥራ ክፍላችሁ በረዶ ነው።» «ይዣለሁ።» እናቷ ልብሷን አጣጥፋ የከተተችበት ሻንጣ ጫፉ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ይታያል። ሁለቱም አይተውታል፣ ሁለቱም ስለ ሹራብ ያወራሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ከእናቱ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ኖሮ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዝም ያሰኛት ኩርፊያ ብቻ አይደለም። «እፎይ ብላለች» የሚለውን ስትሰማ፣ ውሸት ነው ከማለቷ በፊት ሆዷን ፈተሸች፤ እውነትም አንዲት ትንሽ እፎይታ ጥጓን ይዛ ተቀምጣ አገኘቻት። ከሥራ ስትገባ ማንም ሳይጠብቃት ጫማዋን አሽቀንጥራ መጋደም፣ «ምን በላሽ» ተብሎ አለመጠየቅ። ደነገጠች። ባለፈው ሰሞን ለእትዬ፣ ለታላቅ እኅቷ፣ በስልክ «ደክሞኛል» ማለቷም ትዝ አላት። ደክሞኛል ነው ያለችው፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ሰው ለእኅቱ ደክሞኛል ካላለ ለማን ይላል? ደረጃውን መውረድ ስትጀምር ግን እፎይታዋ አብራት አልወረደችም። በምትኩ ማታ የምትገባበት ቤት ታያት፤ መብራት የማይበራበት፣ «መጣሽ?» የሚል ድምፅ የሌለበት። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ያለቻት እናቷ ብቻ ናት። ከምሳ በፊት አንድ ነገር ማለት አለባት። ካላለች እናቷ «የገዛ ልጄ ሂጂልኝ አለችኝ» ብላ እንዳመነች ከቤት ልትወጣ ነው።

ከሥራ ለመቅረት ደግሞ ከቀን ሁሉ የማይሆነው ዛሬ ነበር። ሽቦ የምትሠራው በየከተማው ቅርንጫፍ ላለው፣ ለመጋዘኑም ለክሊኒኩም የኢንተርኔት መስመር በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው። «ሽቦ» የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ልጅ ሳለች የተጣለ ሽቦ ሁሉ እየለቀመች ቤቱን ስለሞላችው። አሁን ሽቦ የሚጠመዝዙት ሌሎች ናቸው፤ እሷ የምታስበው በሽቦው ላይ የሚሄደው ነገር በየት በኩል እንዲሄድ ነው። በየቅርንጫፉ ራውተር የሚሉት ሳጥን አለ፤ መንገድ መራጭ ነው። ሳጥኖቹ መንገዱን የሚያውቁት እርስ በርስ በመነጋገር ሲሆን፣ ንግግሩ ቢጂፒ ይባላል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ከጎረቤት ወሬ አይለይም፤ አንዱ «ወደ እገሌ የሚሄድ ካለ በእኔ በኩል ይለፍ» ይላል፣ ሌላው አምኖ ይይዛል። ቅርንጫፎቹ ጥቂት ሳሉ ሁሉም ከሁሉም ጋር ያወራ ነበር። ሲበዙ ግን አንድ አዲስ በተከፈተ ቁጥር የቀሩት ሁሉ ከእሱ ጋር መተዋወቅ ግድ ሆነባቸው፤ አንድ መስመር በተቆረጠ ቁጥር ሁሉም ለሁሉም ሲያወራ ሳጥኖቹ ሥራ ፈተው በወሬ ይታፈኑ ጀመር። መላውን ያመጣችው ሽቦ ናት። ሁሉም ከሁሉም ጋር ማውራቱን ይተው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ አንድ ትልቅ ራውተር ብቻ ይንገር፤ እሱ ሰምቶ፣ የተሻለውን መንገድ መርጦ፣ ለሁሉም ያድርስ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሳጥኑን «ቃል አቀባዩ» ብለው ሰየሙት። ዛሬ ቅዳሜ፣ ቢሮዎች ዝግ በሆኑበት ጠዋት፣ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ ቃል አቀባዩ የሚዞሩበት ቀን ነበር።

እውነቱን ለመናገር ይህን መላ መጀመሪያ የሞከረችው በራውተር ላይ አልነበረም። አባቷ የሞተ ሰሞን ወንድሟ ከሌላ ከተማ ይደውላል፣ እትዬ ትደውላለች፣ አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማ፣ እናቷ ያንኑ ነገር እየደጋገመች ስትተርክ ድምጿ ተዘጋ። ያን ጊዜ ሽቦ «ለምን እንደዚህ እንሆናለን? ሁሉም ለእትዬ ይንገር፣ እትዬ ደግሞ ለሁላችንም ትንገር» አለች። ሁሉም ደስ ብሎት ተቀበለ፤ እውነትም ቤቱ ሰላም አገኘ። ከዚያ ወዲህ ከወንድሟ ጋር በቀጥታ ያወራችበትን ቀን አታስታውስም። ከዚህ የባሰም አለ። የእናቷ ጉልበት ማታ ማታ እንደሚጠዘጥዛት የሰማችው ከእናቷ አይደለም። እናትየዋ ሽቦን ላለማስቸገር ቀን ለእትዬ በስልክ ትናገራለች፣ እትዬ ከከተማው ሌላ ጫፍ ለሽቦ ትደውላለች፣ ሽቦም ማታ ቅባት ገዝታ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። እናቷም ሳትጠይቅ ትቀባለች።

የራውተሮቹ ክፍል መስኮት የለውም። ማቀዝቀዣው ያለ ዕረፍት ይጮኻል፤ ለማውራት ሰው ወደ ሰው ጆሮ መጠጋት አለበት። በዚያ ላይ ሁሉም ጃኬቱን ለብሶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ነው የሚሠራው። ጢሞ የሚሉት ባልደረባዋ፣ ጢሙን ካሳደገው ወዲህ እናቱ እንኳ ስሙን የረሳችው፣ ከጎኗ ተቀምጦ ቅርንጫፎቹን በየተራ ይጠራል፤ እሷ ታዞራለች። አንዱ ዞሮ መስመሩ እስኪረጋ ስትጠብቅ ስልኳን አንስታ ለእትዬ ደወለች። ተይዟል። ሁለት ቅርንጫፍ አዙራ ደግማ ደወለች፤ አሁንም ተይዟል። የሁሉንም ወሬ የምትሰማ ሰው ስልኳ መቼ ነፃ ይሆናል! «እትዬ፣ ስለ እማዬ ላናግርሽ ነው፣ ደውይልኝ» ብላ ጽፋ ላከች። መልሱ ቆየት ብሎ መጣ፤ «አታስቢ የኔ እመቤት፣ ሁሉንም አስተካክያለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።» ሽቦ ይህን ደጋግማ አነበበችው። ክፉ ቃል የለበትም። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ክፉ ቃል ቢኖርበት ይጣሏታል።

ረፋዱ ላይ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ዞረ። ግድግዳው ላይ ባለው ሰፊ ስክሪን የከተሞቹ ነጥብ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አለቃቸው፣ ደስ ሲለው ሰው የሚደበድብ ሰው፣ የጢሞን ጀርባ ድው ድው አደረገና «ቃል አቀባያችን ሥራ ጀመረ!» ብሎ አጨበጨበ። ኬክ አስመጣ። ሽቦም ቆማ አጨበጨበች፤ ስንት ወር የለፋችበት ነው፣ ደስ አላት፣ ደስታዋን የምትነግረው ሰው ስታስብ ግን የመጣችላት እናቷ ናት። እናቷ ስለ ራውተር ምንም ባይገባትም «ተሳካልሽ? እሰይ!» ትላለች። ማታ ገብታ ለማን ልትነግር ነው? ኬኩን ሳትቀምሰው ሳህኑ ላይ ተወችው፤ አለቃው አይቶ የእሷንም በላው።

የጠረጴዛው ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። የወደቡ ቅርንጫፍ ቴክኒሻን ነበር፤ ድምፁን እንጂ መልኩን የማታውቀው፣ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው። ወደብ ቅዳሜ አያውቅም፤ መርከብ የሚራገፈው በበዓልም በእሑድም ነው። «እኅቴ፣ ምን አደረጋችሁን ዛሬ?» አለ። «መስመሩ አለ ይላል፣ ገጹ ግን አልከፈት ብሎ እያለከለከ ነው። የጭነት ሹፌሮች ወረቀታቸው እስኪወጣ በር ላይ ተኮልኩለው እኔን ነው የሚሰድቡት።» ሽቦ የወደቡን መንገድ ከፍታ አየች። እስከ ትናንት ከወደቡ የሚወጣው ሁሉ በአጠገቡ ባለችው ከተማ በኩል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ ቅርብ ነው፣ እጅ በእጅ። አሁን ግን አገሩን አቋርጦ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ይመጣና ከዚያ ይወጣል፣ ሲመለስም እንዲሁ። «ያኛው መንገድ ተቆርጦ ነው?» አለ ሰውየው። «አልተቆረጠም።» «ታዲያ ምን ሆነ?» ሽቦ የሆነውን አይታዋለች፤ ከማንም የመጣ ሳይሆን የራሷ ስህተት ነው። ቃል አቀባዩ ከየቅርንጫፉ የሰማውን መንገድ ሁሉ አወዳድሮ የሚሻለውን አንድ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ግን የሚለካው ከተቀመጠበት ነው። እሱ የተቀመጠው ዋናው መሥሪያ ቤት ነውና የዋናው መሥሪያ ቤት መውጫ ቅርብ ሆኖ ታየው፤ ያችኑ መርጦ ለሁሉም ነገረ። አልዋሸም። ከቦታው ሆኖ ሲያየው እውነቱ ያ ነው። የወደቡ ራውተርም የተነገረውን አምኖ ያዘ። በቅርንጫፎች ብዛት ስትጨነቅ፣ አንዱ የመረጠው ለሌላው ሩቅ ሊሆን እንደሚችል ዘንግታው ነበር።

ቀለል አድርጋ ነገረችው። «ሌላ መንገድ መኖሩን እንኳ አልነገረንም በይኛ!» ብሎ ሳቀ ሰውየው፤ ሳቁ የተናደደ ሰው ሳቅ ነው። «እኛን ማን ይጠይቀናል! እዚያው መክራችሁ እዚያው ትጨርሳላችሁ።» አለቃው ከኋላዋ ቆሞ ይሰማ ስለነበር ተጠግቶ «ሰኞ እናየዋለን በይው» አላት። «ተቋረጠ እንጂ ዘገየ የሚባል ብልሽት የለም። ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ እይው።» ሽቦ ሰዓቱን አየች። ምሳ ሊደርስ ነው። ሰኞ ማለት ለእሷም ይመች ነበር፤ አሁኑኑ ተነስታ ብትሮጥ ቤት ትደርሳለች። ግን ሹፌሮቹን ዛሬ ያስቆመቻቸው እሷ ናት፤ ሰኞ እስኪመጣ የሚሰደበው ደግሞ ያ ሰውዬ ነው። «ወደቡና ጎረቤቱ በቀጥታ ይነጋገሩ። ሁለቱ ብቻ» አለች። «እንዲህ እያንዳንዱን ካነጋገርሽማ ቃል አቀባዩን ለምን ሠራነው?» አለ አለቃው። «ለብዙው ይሥራ። እነዚህ ግን ጎረቤታሞች ናቸው፣ ስለ ራሳቸው ሠፈር ከእኛ ምን ያሰማቸዋል?» አለቃው ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ፤ ይህ በእሱ ቋንቋ ፈቃድ ነው። ሥራው ያን ያህል አልከበደም፤ በወደቡ በኩል ጥቂት መስመር፣ በጎረቤቱ በኩል ጥቂት መስመር ጻፈች። ሁለቱ ሳጥኖች ተዋወቁ። «መጣ! መጣ!» አለ ሰውየው፤ በስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ረጋ ብሎ «ለሌላ ጊዜ ግን፣ እኅቴ፣ ቀድመሽ አንድ ብትደውይልኝ ምን አለበት?» አላት።

«ይቅርታ» ብላ ስልኩን ዘጋች። የእጅ ስልኳን አነሳች። ከጠዋት ጀምሮ የደወለችላቸው ተደርድረው ወጡ፤ እትዬ፣ እትዬ፣ እትዬ። እናቷ የለችበትም። እናቷ ስልክ አላት፤ ትልልቅ ቁጥር ያለው፣ ራሷ ሽቦ የገዛችላት። አንድ ጠዋት ሙሉ የእናቷን ነገር ለመጠየቅ ስትፍጨረጨር እናቷን መጠየቅ አልታሰባትም። እንዲህ ያለ ቂልነት የሚመጣው ከሥራ ብዛት ነው ብትል ደስ ባላት፤ ግን አይደለም። መልሱን ፈርታ ነው። ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ለጢሞ «ወደቡን ያዝልኝ፣ እናቴ ልትሄድ ነው» አለችው። «ወዴት?» ሲላት ደረጃው ላይ ነበረች።

የታክሲው ሹፌር የሁልጊዜውን እጥፍ ጠራባት፤ ሳትከራከር ገባች። ገርሞት ይመስላል መንገዱን ሙሉ በመስታወቱ ሰረቅ እያደረገ ያያታል። የሕንፃው በር ላይ የእትዬ መኪና ቆማለች፤ የኋላ በሯ ተከፍቶ ብርድ ልብስ ገብቶባታል። ሊፍቱ እንደተበላሸ ነው፤ ነዋሪው የጥገናውን ዋጋ ምድር ቤት ያለው ይክፈል አይክፈል ሲከራከር ዓመት አለፈው። እየሮጠች ጀምራ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መደገፊያውን ይዛ ቆመች። እናቷ ዳቦ ለመግዛት ይህን ወጥታ ወርዳ እንደምታውቅ ያኔ ትዝ አላት፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ጨርሶ መውረድ ማቆሟን።

እናቷ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላ ሳይሆን ከባዱን ካፖርቷን ለብሳ፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የገዛ ቤቷ ውስጥ እንግዳ መስላለች። እትዬ ተንበርክካ የሻንጣውን ዚፕ እየጎተተች ነው። ቀና ብላ «አንቺ! ሥራ ላይ አይደለሽም እንዴ?» አለች። «እትዬ፣ ተስማምታለች ያልሽው ማንን ነው?» ሽቦ ትንፋሿ ገና አልተሰበሰበም። እናቷ አንዷን ቀጥሎም ሌላዋን አየች። «ደክሞኛል አላልሽኝም?» አለች እትዬ። «ብዬሻለሁ። ደክሞኛል ነው እንጂ ትሂድልኝ አላልኩም።» «ብጠይቅሽስ እሺ አይደል የምትዪው? መቼ ነው እሺ ያላልሽው?» እትዬ ዚፑን ለቀቀችው። ስትቆም ጉልበቷን ይዛ ነው፤ እሷም እኮ አርጅታለች፣ ሽቦ ልብ ብላ ያየቻት ዛሬ ነው። «አንቺ ደክሞኛል ትያለሽ። እሷ ደረጃው ገደለኝ ትላለች። ወንድማችን አንድ ነገር አድርጊ ይለኛል። ሁላችሁም ለእኔ ታራግፉና ስልካችሁን ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። እኔስ? የሰማሁትን ሁሉ ታቅፌ አድራለሁ። ሁሉም ለእትዬ ይንገር ያለው ማነው? እኔን ያኔ ማን ጠየቀኝ?»

ከጎረቤት የፀጉር ማድረቂያው ይጮኻል። እናትየዋ እጇን በካፖርቷ ላይ አጣምራለች፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ እሷ ሆኖ እሷ ግን ተራ እንደምትጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። ሽቦ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ተጠግታት የተቀመጠችበትን ጊዜ አታስታውስም። «እማዬ፣ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» እናቷ ከልማድ ወደ እትዬ ቀና አለች። «እሷን አትዪ። ለእኔ ንገሪኝ። እኔ ሂጂ አላልኩም፣ አልልምም። ከፈለግሽ ሻንጣውን አሁን እፈታዋለሁ። ቤትም ብንቀይር እንቀይራለን፣ ምድር ላይ ያለ እፈልጋለሁ።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። የምትጠብቀው አንድ መልስ ነበር፤ እናቷ አልቅሳ «ልጄን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ስትል፣ ሁለቱ ተቃቅፈው፣ ሻንጣው ተመልሶ ሲፈታ።

እናቷ ወደ ሽቦ ዞረች። «ማታ ሲነግሩኝ አዝኜ ነበር» አለች። «ከበድኳት ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። አሁን አንቺ መጥተሽ ስትጠይቂኝ ቀለለኝ።» የልጇን እጅ ወስዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ግን ከጠየቅሽኝ፣ እሄዳለሁ ልጄ። ጠዋት ትወጫለሽ፣ ማታ ትገቢያለሽ። ስትገቢም ደክሞሻል፣ ምን ላውራሽ? ይህ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ድምፄን የምሰማው ከሬዲዮው ጋር ስከራከር ነው። ምድር ላይ ያለ ቤት ብትከራዪስ ያው ነው፣ ሬዲዮውን ይዤ ወርጄ ምድር ላይ ልከራከረው ነው። እሷ ጋ ልጆች አሉ፤ በሩ ላይ ብቀመጥ ሰው ያልፋል፣ እንደምን ዋሉ ይለኛል። ስኳር ለመበደር ሰው ሲመጣ እንኳ እኮ ደስ ይለኛል እዚህ፣ ብርጭቆውን ቀስ ብዬ ነው የምሞላው ቶሎ እንዳትሄድ።»

ሽቦ እናቷ ለእሷ ብላ እዚህ እንደምትኖር፣ እሷ ደግሞ እናቷን እንደምታኖር ስታስብ ነው የኖረችው፤ ብቸኝነት ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይመጣል ብላ ነበር የፈራችው። እናቷ ግን ስንት ዘመን እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከእሷ ጋር ሆና፣ ብቻዋን ነበረች። አፈረች። ከማፈሯ ይልቅ ሐዘኑ በለጠባት። እትዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ «መድኃኒቷ የትኛው ኪስ ውስጥ ነው?» አለች።

ሻንጣውን ሽቦ ያዘች፣ ትራሱን እትዬ። እናቷ መደገፊያውን ጨብጣ፣ በየፎቁ እየቆመች፣ የማታውቃቸውን በሮች ሁሉ እያየች ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ «እነዚህ ደግሞ መቼ ገቡ?» ብላ የአንዱን በር አበባ አደነቀች፤ እያረፈች መሆኑ እንዳይታወቅባት ነው። ሽቦ ከፊቷ እየወረደች በየደረጃው ዞር ትላለች። እያንዳንዱ ደረጃ እንዲረዝም ፈለገች፤ ለእናቷ ግን እንዲያጥር ነበር መፈለግ የነበረባት። መኪናው ውስጥ ከፊት አስቀመጧት፣ ቀበቶዋን አሰሩላት፣ እትዬ ዞራ ገባች። «እሑድ እሑድ ነይ» አለቻት እትዬ፤ ቀጥላም ቀስ ብላ «ደግሞ ለእሷ ደውይላት፣ ለእኔ አይደለም» አለች። ሽቦ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለች። ይህን ሳትል ብትለቃት ዕድሜ ልኳን እንደሚቆጫት ታውቃለች። «እማዬ፣ ሂጂ አላልኩም፣ እሺ? ማንም ምን ቢልሽ፣ እኔ ሂጂ አላልኩም።»

እናቷ እጇን አውጥታ ጉንጯን ዳበሰቻት። ቅያሜ የሌለበት፣ የደከመው፣ ደግ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ወደ እሷ አዙራ አየቻት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለቻት። «አንቺማ መቼ አንድ ነገር ብለሽኝ ታውቂያለሽ።»

እትዬ ሞተሩን አስነሳች። መኪናዋ ጥጉ ላይ እስክትታጠፍ ድረስ ሽቦ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ ሰው ያየኛል ሳትል፣ አለቀሰች።